ቆዩ የሚለው እጅ

እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች። አልጋውን በእሷ በኩል ብቻ አነጠፈች፤ በዚያኛው በኩል የሚነጠፍ ነገር የለም፣ ብርድ ልብሱ እንደተወጠረ ነው የሚያድረው። ፊቷን ታጥባ የሻይ ውሃ ጣደች፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈተች፣ ከታች ያለው ዳቦ ቤት የቆርቆሮ መዝጊያውን እያንኳኳ ወደ ላይ ሲጠቀልል ሰማች። ከመደርደሪያው ሁለት ብርጭቆ አወረደች። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ሁለት ብርጭቆ ማውረድ እንደገና ለምዳለች፤ የባሏ ታላቅ እህት ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው ትንሿ ክፍል ውስጥ አርፈዋል። እትዬ ነው የምትላቸው። ባሏም እትዬ ነበር የሚላቸው፤ ከእሱ የቀራት ብዙ ነገር የለም፣ ይሄ አንዱ ነው።

ስኳሩን እትዬ ማታ ወደ ክፍላቸው ወስደውት ነበር። ልታመጣው በኮሪደሩ ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ስልክ እያወሩ ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጆሯቸውም አብሮ የደከመ ይመስል ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። «ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች» ይላሉ ለታናሽ እህታቸው። «ትወጣለች፣ ትገባለች። እኔንም አክብራ ይዛኛለች፣ አልዋሽም። ግን አንቺ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ቤቱን ሙሉ ብትዞሪው የእሱ አንድ ፎቶ የለም። አንድ! ሳሎን የለ፣ መኝታ ቤት የለ። እኔማ ዓይኔ ነው ብዬ ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። የሚስማር ምልክት እንኳን የለም እኮ! ወንድሜን እንዳልነበረ አድርጋ ጠርጋ አስወጥታዋለች።»

እዚያው ቆመች። ገብታ ስኳሩን ማንሳት ትችል ነበር፤ ተመልሳ ሻዩን ያለ ስኳር ማቅረብም ትችል ነበር። ሁለቱንም ሳታደርግ በባዶ እግሯ የኮሪደሩን ቀዝቃዛ ወለል እየረገጠች ንግግሩ ወደ ዓይን ጠብታ ዋጋ እስኪዞር ጠበቀች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ እንደገና መጣችና በሩን አንኳኳች። «እትዬ፣ ስኳሩን ልውሰድ?»

ቁርስ ላይ ሁለቱም ስለ ዳቦው አወሩ። ዳቦው ትናንት ይሻል ነበር። እትዬ በጣታቸው የብርጭቆውን ጠርዝ ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ እሷ ሌላ ቦታ ታያለች፤ መታየት እንደማይወዱ ታውቃለች። ጠረጴዛው ያው የድሮው ጠረጴዛ ነው፣ ልብሱ ግን ተቀይሯል። ሰማያዊ አበባ የነበረበት ልብስ አልቆ መወልወያ ሆኗል።

«ጠብታዎን አድርገዋል?»

«አድርጌያለሁ። አንቺስ፣ ዛሬ ምን አለሽ?»

«ፕሮጀክተር እንመርጣለን። ለስብሰባ አዳራሹ።»

«ምንድነው እሱ?»

«ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ ነው።»

እትዬ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞሩ። «ግድግዳ ላይ» አሉ። እሷ ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ፎቶ ስለሌላት አይደለም። አንድ አላት፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ የተነሳው። ክራባቱ ጉሮሮውን አንቆት ዓይኑ የፈጠጠ፣ ፎቶ አንሺው «ቀና በል» ብሎ የተቆጣው የሚመስል ሰው። ባየችው ቁጥር እንግዳ ይሆንባታል። በቀረው ዕድሜው ካሜራውን የያዘው እሱ ስለነበር በማንም ሠርግ፣ በማንም ልደት ፎቶ ውስጥ የለም። ስልኩ እሱ በሞተበት አደጋ አብሮት ተሰባብሯል፤ ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር ጠርገው ለሌላ ሰው ሰጡት። እሷ ግን ላለፉት ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልተጎዳችም ነበር፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለሰባት ሰከንድ ያህል፣ ታገኘው ነበርና።

የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ የምትሠራው ደብዳቤ ክፍል ቢሆንም ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የምትጽፈው እሷ ስለሆነች ስሟ ጠፍቶ «ቃለ ጉባኤ» ሆኗል። «ቃለ ጉባኤን ጥሩልኝ»፣ «ቃለ ጉባኤ ዛሬ ቀረች እንዴ?» ይባላል። ባሏ የቆጣሪ አንባቢዎች አሠልጣኝ ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ያኔ አዲስ የነበረውን ፕሮጀክተር ሥልጠና ሊያዘጋጅበት ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ቤት አመጣው። የመመሪያውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያነብ ዓይነት ሰው ነበር። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያሳየውን ሥዕል ተጠቃሚው መቀየር እንደሚችል ገጽ ሠላሳ ላይ አገኘ። ወዲያው ስልኩን አነሳ፤ እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሻይ እየጠጣች፣ ፀጉሯን ሳታበጥር። «አንተ! ተው አልኩህ!» ብላ መዳፏን ዘርግታ ፊቷን ከለለች። ያንኑ አንስቶ ማሽኑ ውስጥ አስገባው።

«አጥፋው፣ ታሳፍረኛለህ» አለችው ሥዕሉ የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ ሙሉ ሲይዘው።

«ከእንግዲህ የትኛውም አለቃ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያንቺን ፈቃድ ይጠብቃል» አላት። «ሰኞ አጠፋዋለሁ።»

ሰኞ አላጠፋውም። ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለው የጠረጴዛ ልብስ አለ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ፣ ከፊት ደግሞ መዳፉ የተዘረጋ ትልቅ እጅ። ፊቷ ጭራሽ አይታይም። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የፋብሪካው ምልክት መሰለው፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ፣ ለሰባት ሰከንድ፣ ሰውን «ቆዩ» የሚል። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። እጁ ሲታይ አዳራሹ ዝም ይላል፣ ሲጠፋ ሒሳብ ሹሟ ሁልጊዜ «እጁ ወረደ፣ እንጀምር» ትላለች፣ ሰዉም ሁልጊዜ ይስቃል። ባሏ በሕይወት እያለ እሱ ከፊት፣ እሷ ከማስታወሻ ደብተሯ በላይ፣ ለሰባት ሰከንድ ይተያዩ ነበር። አሁን እሷ የምታየው ሌላ ነገር ነው። ማንም ያላስተዋለው፣ ከሥዕሉ ግርጌ፣ በጠረጴዛው ልብስ ላይ የወደቀ ጥላ አለ። ባሏ ሲያነሳት መስኮቱ ከኋላው ስለነበር ጥላው ወደ እሷ ወድቋል፤ ራሱ፣ ትከሻው፣ ስልኩን ለመያዝ ወደ ውጪ የወጡት ሁለት ክርኖቹ። አንደኛው ክርን ብርጭቆዋን ይነካል።

አንዴ ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ ፎቶ ልታነሳው ሞክራ ነበር። ከሁሉ ቀድማ አዳራሽ ገብታ፣ ማሽኑን አብርታ፣ በስልኳ አነሳችው። እጁ ወጣ፤ ጥላው ግን በብርሃን ታጥቦ ነጭ ሆነ። ሁለተኛ ልትሞክር ስትል ሰው ገባ። ማሽኑ የትም አይሄድ ብላ ተወችው።

ዛሬ የግዢ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ ንብረት» የሚላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው። የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ እጁ የገባውን ሁሉ ስለሚበታትን «ፈታታው» የተባለ። እና እሷ። ሒሳብ ሹሟ ዋጋ ለማየት መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አዳራሹ መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ነው፤ መጋረጃው ከሀዲዱ ወጥቶ መሃል ላይ ክንድ የሚያህል ክፍተት ይተዋል፣ የጠዋት ፀሐይ በዚያ ገብታ ግድግዳው ላይ ትቆማለች። ሦስቱም ሻጮች መጋረጃው ይዘጋ አሉ። እሷ ይከፈት አለች። ባሏ «በጨለማማ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ፕሮጀክተር የሚመረጠው ሰው በሚሰበሰብበት ብርሃን ነው» ይል ነበር። ለመፈተኛ የያዘችው የሻጮቹን የተራራና የአበባ ሥዕል ሳይሆን ትክክለኛ የቆጣሪ ንባብ ሠንጠረዥ ነው፤ አራት መቶ ቤቶች፣ ደቃቅ ቁጥር።

የመጀመሪያው ሻጭ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ነጭ ማሽን አመጣ። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዟን አይሞላም። «ሃያ ሺህ ሉመን!» አለ ካርቶኑን እያዞረ፣ ሉመን ማለት የብርሃኑ መጠን መሆኑን ለጋሼ ንብረት እያስረዳ።

«ሃያ ሺህ ቢሆንማ ግድግዳው ይቃጠል ነበር» አለ ፈታታው። «አብራው እስቲ።»

በራ። ሠንጠረዡ ከፀሐይዋ ጋር ሲገናኝ እንደ ታጠበ ጋዜጣ ገረጣ። «ይሄ ለቤት ነው» አለ ሻጩ ራሱ፣ ትንሽ አፍሮ። «ማታ ማታ፣ ለፊልም።»

ሁለተኛው ባለ አምፖል ነው፤ ብርሃኑ ደህና ነው፣ ነገር ግን ከግድግዳው አራት ሜትር ርቆ ከጣሪያው መሃል ካልተሰቀለ ሥዕሉ አይሞላም፣ ማራገቢያውም እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ጋሼ ንብረት ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አስጠግተው «ከእሱ በላይ ጮሆ መናገር የሚችለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው» አሉ። ሒሳብ ሹሟ ሳቀች። ሦስተኛው ሻጭ በሰው ሳቅ የማይስቅ፣ ጫማው የተወለወለ ሰውዬ ነው። ማሽኑን ከግድግዳው ሥር፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጠው። አምፖል የለውም፣ በሌዘር ነው የሚሠራው፤ ለዓመታት የሚቀየር ነገር የለውም፣ ድምፁ አይሰማም። ሠንጠረዡ ፀሐይዋ ላይ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሻጩ ግድግዳው ፊት ለፊት ቆሞ እጁን አወዛወዘ፣ ጎንበስ ቀና አለ። «ተመልከቱ። ተናጋሪው እዚህ ቢንጎራደድ፣ ቢጨፍር፣ ጥላው አይወድቅም። ከዚህ ማሽን ጋር ጥላ የሚባል ነገር የለም።»

«ጥላ አይጥልም» ብላ ጻፈች። የጻፈችውን ለጥቂት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ቀጥላ የዋስትናውን ዘመን ጻፈች።

«አሮጌውንም ለማወዳደሪያ እናብራው» አለ ፈታታው። አበራው።

እጁ መጣ። አምፖሉ ስለደከመ ቆዳው ቢጫ ሆኗል፣ ሰማያዊዎቹ አበቦች አረንጓዴ መስለዋል፣ በግራ ጥግ የሻይ ጠብታ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ወጥቷል። እሷ ሰከንዱን በልቧ እየቆጠረች ታች ታቹን አየች። ራሱ። ትከሻው። ክርኑ። ስድስት፣ ሰባት።

«እጁ ወረደ» አለች ሒሳብ ሹሟ። «ምስኪን፣ እሱም እርጅና ተጫጫነው።»

ጋሼ ንብረት መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ የምለው» አሉ። «አምፖሉን ብቻ ብንቀይረውስ? የአዲሱን ሩብ ዋጋ አይፈጅም። ያ ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስንት ዓመት ሠራበት። ለእኔም ስሙ ያለበት ዕቃ ነው። አንቺ ይበቃል ካልሽ እኔ እፈርማለሁ።»

«እኔም ምን ቸገረኝ» አለ ፈታታው። «ቃለ ጉባኤ ያለችው ይሁን።»

ሦስቱም አዩዋት። አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው የሚቀራት፤ «አሮጌው ታድሶ እንዲያገለግል።» ማንም አይጠይቃትም፣ እንዲያውም ቆጣቢ ትባላለች። እስክሪብቶዋን ይዛ ተነሳችና ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዳ ተቀመጠች። አዲስ ተቀጣሪዎች ሁልጊዜ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከአሮጌው ማሽን የሚመጣውን ሠንጠረዥ ለማንበብ ሞከረች። አንድ መቶ አሥራ ሁለተኛው ቤት፣ የመጨረሻው ቁጥር፣ ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም። ዓይኗን አጥብባ አየች። ስምንት መሰላት። ወረቀቱን ገልጣ ስታይ ሦስት ነው። «ጋሼ፣ አምፖሉ አይደለም» አለች ከኋላ። «ውስጡ ነው የቆሸሸው።»

«እሱማ ውስጡ ተቃጥሏል» አለ ፈታታው። «አምፖል ብቻውን አያድነውም። እኔ ዝም ያልኩት እንደው ከወደዳችሁት ብዬ ነው።»

ባሏ የሥልጠናውን የመጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ በአንድ ነገር ይጀምር ነበር፤ ሦስትን ስምንት ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አንድ ቤት ሳያጠፋ ይቀጣል። እዚህ ወንበር ላይ ሆኖ የሚማር ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? ተመልሳ መጥታ ቃለ ጉባኤውን ጨረሰች። ሦስተኛው እንዲገዛ፣ አሮጌው ከአገልግሎት እንዲወጣ። ከሦስቱ ፊርማ የእሷ ነው ቀጥ ያለው።

በምሳ ሰዓት ዳቦዋን አልበላችም። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ያለው ፎቶ ቤት ሄዳ ከስልክ ላይ ሥዕል አትሞ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል። ፍሬም መረጠች፤ ወርቃማው ያብለጨልጫል፣ ጥቁሩ ይከብዳል፣ የእንጨቱን ወሰደች። ውስጡ አብሮት የሚሸጥ የወረቀት ሥዕል አለ፤ ሣር ላይ የተቀመጡ፣ ጥርሳቸው የነጣ፣ የማታውቃቸው ባልና ሚስት። «ሚስማር አብሮ አለው?» አለች። አለው።

ስትመለስ ጋሼ ንብረት መጋዘን በር ላይ ነበሩ። አሮጌው ነገ ጠዋት ከተሰባበሩት ወንበሮች ጋር ወደ ማስወገጃ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ለዛሬ ብቻ ቤት ልትዋሰው ትችል እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገ ሥራ መግቢያ ላይ ትመልሰዋለች።

«ውሰጂው እንጂ!» አሉ። «በስንት ዓመትሽ አንድ ነገር ብትጠይቂኝ። እዚህ ጋ ፈርሚ።» ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ። «ለግል ጉዳይ» ብላ ጻፈች።

ፈታታው ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለ። «ቤትሽ እንግዳ አለ አሉ። ፊልም ልታሳዪያቸው ነው?»

ያኔ ነበር የምትነግረው። ያ እጅ የእኔ ነው፤ ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ከሰባት ሰከንድ ያንሳል። ግን ከቃሉ በኋላ የሚመጣውንም ታውቀዋለች። አንገት ዘንበል ይላል፣ ድምፅ ይለሰልሳል፣ ሒሳብ ሹሟ «ውይ፣ እኔ ደግሞ ስስቅ» ትላለች፣ ነገ በየኮሪደሩ ሰው መንገድ ይለቅላታል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ያንን ዘንበል ያለ አንገት ስትሸሽ ነው የኖረችው። የእሷ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ማንም የማያውቀው መሆኑ ነው።

«አዎ፣ ፊልም» አለች።

«እንዲህ አቧራ እንዳነቀው አልሰጥሽም። ዝም ብለሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ አፅድቼ ጠረጴዛሽ ላይ አኖረዋለሁ። ደግሞ ያንቺ ውለታ አለብኝ፤ የዕድገት ማመልከቻዬን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑ በጥቁር ቦርሳው ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ፈታታው ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሄዷል፤ በቦርሳው ላይ ብጣሽ ወረቀት ለጥፏል። «ልክ እንደ አዲስ ሆኗል። መልካም ፊልም!» ፈገግ አለች። በአውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፍሬሙን ከደረቷ ጋር ይዛ፣ ቀሪውን በሐሳቧ አዘጋጀች። መጋረጃውን ትዘጋለች። ስልኳን በመጻሕፍት ላይ ታቆመዋለች፣ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ። አንዴ ባይሆን አጥፍታ እያበራች አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ታነሳዋለች፤ ጥላው እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ በፊት ግን እትዬን ትጠራለች። ሥዕሉ ግድግዳ የሚያክል ነው፣ የደከመ ዓይንም ያየዋል። ስለ ጠዋቱ ምንም አትልም። «ይኸው፣ እሱ ነው» ብቻ ትላለች።

እትዬ መድኃኒቶቻቸውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር። «ቶሎ መጣሽ» አሉ።

«እትዬ፣ እስቲ ይቺን ወንበር ወደዚህ ላዙርልዎት። አንድ ነገር ላሳይዎት።»

«እኔ ደግሞ ምን አያለሁ።»

«ይሄንን ያያሉ።»

መጋረጃውን ዘጋች፤ ከውጪ ገና አልመሸም፣ በጨርቁ ጠርዝ ቀይ ብርሃን ይገባል። መድኃኒቶቹን ወደ ጥግ ሰብስባ ማሽኑን በዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ስልኳን በሦስት መጻሕፍት ላይ አቆመች። ፍሬሙን እትዬ እጅ ላይ አኖረችው። እትዬ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መስተዋቱን ዳሰሱ። «ይሄ ማነው? እሱ አይመስልም።»

«ማንም አይደለም፣ ከፍሬሙ ጋር የመጣ ነው። ይወጣል።»

ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው ተነሳ፣ ሌንሱ ነጣ። ግድግዳው ላይ ቢጫ አራት ማዕዘን ተዘረጋ፤ ከመሃሉ የፋብሪካው ስም፣ በቀጭን ፊደል፣ ከሥሩ አንድ ክብ ምልክት። ምናልባት ይሄ ቅድሚያ የሚመጣው ነው አለች በልቧ። ጠበቀች። ሰባት ሰከንድ ሲሞላ ስሙ ጠፍቶ ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። አጥፍታ አበራችው። ስሙ መጣ። አጥፍታ አበራችው። ከዚያ የቆመውን ስልኳን ከመጻሕፍቱ ላይ አንስታ ደወለች።

«ሄሎ! ፊልሙ ተጀመረ?» አለ ፈታታው፤ ከኋላው ልጆች ይንጫጫሉ።

«ሲበራ ያ ሥዕል አልመጣም።»

«የቱ? እ… እጁ!» ሳቀ። «አዎ፣ ሁሉን ነገር ወደ ፋብሪካው ሥርዓት መለስኩታ። እንግዳሽ ፊት ያ እጅ ከሚደቀን ብዬ ነው። ደግሞ የሚገርምሽ፣ የፋብሪካው አልነበረም ለካ! የሆነ ሰው ያስገባው ነው። ሰው ሥራ ሲፈታ አይተሽ!»

«መመለስ ይቻላል?»

«ምኑ? እጁ? አይቻልም። ማሽኑ የሚይዘው አንድ ሥዕል ብቻ ነው፣ እሱ ከጠፋ ጠፋ። ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?»

«የለም። አመሰግናለሁ። በጣም ንጹሕ ሆኗል።»

ስልኩን ዘጋች። ማራገቢያው ብቻ ይሰማል። እትዬ ፍሬሙን ጭናቸው ላይ ይዘው ግድግዳውን አተኩረው ያዩ ነበር፤ አንድ ጊዜ በመሃረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ እንደገና አዩ።

«እኔ ዓይኔ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ፣ በፍርሃት። «ሰማያዊ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ዓይንዎ አይደለም እትዬ። ሰማያዊ ብቻ ነው።»

«ተመስገን። ምን ልታሳዪኝ ነበር ታዲያ?»

የጠዋቱ የስልክ ንግግር በመሃላቸው ነበር፤ እትዬ እንዳወሩት እንጂ እንደተሰማ አያውቁም። «ፎቶ ነበር» አለች። «እሱ ያነሳው። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። እሱ ራሱ አይታይም፣ ጥላው ግን ነበረ።»

«ጥላው?» አሉ እትዬ። አሰቡ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ለሰለሰ፣ አንገታቸው ዘንበል አለ፣ እጃቸውም ጠረጴዛውን እየዳሰሰ የእሷን እጅ ፈልጎ አገኘ። «በይ ተይ፣ ለዚህ ብለሽ አትዘኚ። እኔ ጋ ፊቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ስንት ፎቶ አለ መሰለሽ። የልጅነቱ ሁሉ አለ። ስመለስ ትልቁን እልክልሻለሁ፣ እዚህ ውስጥ ታደርጊዋለሽ።»

«እሺ እትዬ። ይላኩልኝ።»

እጃቸውን ትንሽ ጊዜ ይዛ ቆየችና ለቀቀችው። ተነስታ መጋረጃውን ከመክፈቷ በፊት ማሽኑን አንዴ አጥፍታ አበራችው፣ ቆጠረች። ሰባት ሰከንድ የፋብሪካው ስም ታየ፤ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። ግድግዳው ላይ የጠረጴዛ ልብስ የለም። ብርጭቆዎቹ የሉም። እጁ የለም። ጥላው የለም።